የማያፈሰው ቦርሳ

ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያጠና ጓሳ የከረመ ፈረንጅ ነበር፤ እኔ መንገድ መሪው ነበርኩ። አንድ ቀን በጀርባ የሚታዘሉ ሁለት የውሃ ቦርሳዎች አወጣና፣ «ለሌሎቹም መንገድ መሪዎች ላስመጣ ነው፤ እያዘልክ ሞክርና የሚሻለውን ንገረኝ» አለኝ። ውስጣቸው የላስቲክ ከረጢት አለ፤ ከእሱ የወጣ ቱቦ በትከሻ በኩል አፍ ድረስ ይመጣል። እየሄዱ መጥባት ነው።

ሰማያዊው አዲስ ነው። አፉ ሰፊ ስለሆነ ለማጠብ ይመቻል፤ ግን ከቱቦው ጫፍ ጠብ ጠብ ሲል ይውላል፣ ዳገቱን ሳንጨርስ ወገቤ ይረጥባል። ቀዩ ፈረንጁ ራሱ ሲጠባው የከረመ ነው፤ ጠብታ አያፈስም። ሳምንት ሳይሞላኝ ሊቅ ሆንኩ። ሞላሌ ገበያ ሳይቀር ቀዩን አዝዬ እየተንጎራደድኩ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አስረዳ ነበር። አሁን ሳስበው ያንን የያኔውን እኔን በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኛል።

በዚያው ዓመት በሁዳዴ ጾም እናቴ አልጋ ያዘች። ጤና ጣቢያ ወስደን መልሰናታል። እህል አልወርድ ብሏት የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከገደሉ ሥር ካለው ቤተ ክርስቲያን ጠበል። ደርሶ መልሱ ቀን ይፈጃል። ሰው ሁሉ ጀሪካን በገመድ አዝሎ ይወርዳል። እኔ ሊቁ ግን ቀዩን መረጥኩ። ሞልቼው ወጣሁ፤ ሳይጎድል አደረስኩት።

ቱቦውን ወደ አፏ ሳስጠጋ በእጇ ገታችኝ።

«ይህን ማን ጠብቶበታል?»

«ፈረንጁ፣ እማዬ። ግን አጥቤዋለሁ።»

«ይጾማል?»

ዓርብ ቀን ከቆርቆሮ ሥጋ እያወጣ ሲበላ፣ በላዩም ከዚያው ቱቦ ሲጠጣ አይቻለሁ። እሷን መዋሸት አልሆነልኝም።

«በዋንጫ ልገልብጥልሽ» አልኳት።

«ዕቃው ያው አይደል? ነገ በጀሪካን ታመጣልኛለህ፣ ልጄ» አለች፣ እንዳላዝን ፈገግ ብላ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ጠበሉ አጠገቧ ነው፣ እኔም አጠገቧ ነኝ፤ ላደርግላት የምችለው ግን ምንም አልነበረም። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሊነጋጋ ሲል የጎረቤት ጀሪካን ተውሼ ወረድኩ። ቀድቼ፣ እንደ ሰው ሁሉ በገመድ አዝዬ፣ ዳገቱን ሳላርፍ ወጣሁት። ወደ ቤታችን ስቃረብ ለቅሶ ሰማሁ። ግቢውን ሰው ሞልቶታል። አንዱ ጎረቤት ገመዱን ከትከሻዬ ሊፈታልኝ ሲመጣ እጁን ገፋሁት። ጠበል መሬት አይደፋም፤ የምትጠጣው ደግሞ የለችም። ጀሪካኑን እንዳዘልኩ ቆሜ ቀረሁ።