የገመቹ ሞተር

ኮዬ ፈጬ መብራት በጠፋ ቁጥር ከብሎካችን ሥር ያለው ባለሱቅ ትንሿን ጀነሬተሩን ያስነሳል። ቤንዚኗ ከዘይት ጋር የሚቀላቀልላት፣ ሰማያዊ ጭስ የምትተፋ፣ በቁመቷ ልክ ያልሆነ ጩኸት የምትጮህ ነገር ናት። ጎረቤቶቼ እየተራገሙ መስኮታቸውን ይዘጋሉ። እኔ ግን የኔን እከፍታለሁ። ባለቤቴ "ደግሞ ጀመረሽ!" ይላል፤ ጭሱ ቤት ይገባል ብሎ ነው። ከመስኮቱ ሥር ቆሜ የምጠብቀው ባለሱቁ ሞተሩን የሚያጠፋበትን ጊዜ እንደሆነ ግን ነግሬው አላውቅም።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ቡራዩ፣ ከገፈርሳ ግድብ በላይ ያለው ዳገት ላይ ነበር። አባቴ መኮንን የወፍጮና የውሃ ፓምፕ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ወፍጮ በቆመ ቁጥር "ኦቦ መኮንንን ጥሩ" ይባላል። ግቢያችን ናፍጣና እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸት ነበር። ከኛ በታች፣ ውሃው ዳር፣ አዴ ብርቄ የሚባሉ ባልቴት ከአንድ ልጃቸው ከገመቹ ጋር ይኖሩ ነበር። ገመቹ ጀልባ ነበረው። ዓሣ ማጥመድ የሚወድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶለት የሄደው ነው ይባላል። ከጀልባዋ ኋላ የተንጠለጠለው ሞተር በዕድሜ ገመቹን ሳይበልጠው አይቀርም። ቀን ቀን ሣር አጫጆችን ከነሸክማቸው ያሻግራል፤ ሲመሻሽ ያው ሞተር ቀጭ ቀጭ እያለ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። ድምፁ ዳገቱን ወጥቶ እኛ ጋ ሲደርስ እናቴ "ገመቹ ገባ፤ በሉ እግራችሁን ታጠቡ" ትለናለች። ሰዓታችን እሱ ነበር።

አንድ ነሐሴ ግን እግራችንን ሳንታጠብ አመሸን። ጉሙ ግድቡን ሸፍኖት ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሚሰማ ነገር አልነበረም። በማግስቱ ጀልባዋ ከማዶው ዳር፣ ደንገል ውስጥ ተገኘች። ሞተሩ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ገመቹ የለም። ዋናተኞች መጥተው በማዶው በኩል ሰነበቱ፣ ምንም አላገኙም። ውሃው ደፍርሶ እጅን እንኳ ነክረውት አያሳይም ነበር። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው "ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ" ብለው ተመለሱ።

የእድሩ ሰዎች ድንኳን አሸክመው መጡ። ሬሳው ባይገኝም እርሙ ይውጣ፣ እናትም አልቅሳ ይውጣላት ነው ነገሩ። አዴ ብርቄ ድንኳኑን ከደጃፋቸው መለሱት። ያን ማታ በዝናቡ መሃል የልጄን ሞተር ሰምቻለሁ አሉ፤ ከቤታቸው ሥር ድረስ መጥቶ ነው ድምፁ የጠፋው። ማን ይመናቸው? ጀልባዋ የተገኘችው በማዶ ነው። ጥቁር አልለበሱም፣ ፀጉራቸውን አልተላጩም። ማታ ማታ የገመቹን ራት ከድነው በር ላይ ያስቀምጣሉ፤ ጠዋት ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ውሻ ነው የበላው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እናቴ ግን እርሙ ያልወጣ ሰው ከደጃፍ አይርቅም ትል ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሲመሻሽ በእሳቸው በር አላልፍም ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሞተሩን በአህያ አስጭነው ግቢያችን ገቡ። አባቴ ከነዘይት እጁ ተነስቶ "አካም ጅርቱ አዴ" ሲላቸው ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልመለሱም።

"መኮንን፣ ይሄን አስነሳልኝ፤ ልስማው" አሉት። "የዚያን ዕለት ማታ የሰማሁት ይሄ ከሆነ ልጄ በዚህ ዳር ነው፤ በማዶ አይደለም። ካልሆነ ጆሮዬ ነው ያታለለኝ። ያኔ ድንኳኑን ትከሉ፣ አለቅሳለሁ።"

አባቴ ወፍጮ እንጂ የጀልባ ሞተር አያውቅም ነበር፤ ግን እሺ አለ። የዚህ ዓይነት ሞተር ታችኛው ጫፉ ውሃ ውስጥ ካልቆመ ይቃጠላል። ስለዚህ ከበርሜል አፍ ላይ አሰረውና በርሜሉን ከግድቡ በተቀዳ ውሃ ሞላው። ክዳኑን አውልቆ ቤንዚን ሰጠው፣ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ተነሳና ዶሮዎቹን አጥር አዘለላቸው፤ ትንሽ ቆይቶ እንደ መቃተት አለና ቀጥ። ከዚያ በኋላ ገመዱ አልሳብ አለ። ደርቆ ተጣብቋል። እኛ ሰፈር ሞተር የሚባለው ነገር ሁሉ ዘይቱ ለብቻው፣ ቤንዚኑም ለብቻው ነው። ይሄኛው ግን ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ካልጠጣ ሆዱ ይደርቃል። አባቴ ይህን የሰማው ዓለም ገና ካለ የባጃጅ ጠጋኝ ወዳጁ ነው፤ የድሮዎቹ ባጃጆች እንዲያ ነበሩና። ሲመለስ በራሱ እየሳቀ "የወፍጮ ሰው ጀልባ ሲነካ እንዲህ ነው" አለ። ፈታው፤ ፒስቶኑን ከተጣበቀበት አላቀቀ፤ የተፋቀውን አለሰለሰ፤ ፋሻ የሚባለውን የፒስቶኑን ቀለበት ቀየረ፤ ካርቡራቶሩ ውስጥ የተጋገረውን ጭቃ በላባ ጠረገ፤ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ለወጠ።

ያኔ ነው ደስ የማይል ነገር ማስተዋል የጀመርነው። አባቴ የፈታውን ሞተር መጋዘን ውስጥ ከምሰሶ ላይ ሰቅሎታል። መጋዘኑ ደረቅ ነው፣ ዝናቡም አቁሟል። ግን ጠዋት ጠዋት ሥሩ እርጥብ ነው። አባቴ ውሃ ተደፍቶበት ነው ብሎ አንድ ማታ አመድ ነሰነሰበት፤ ጠዋት አመዱ መሃል ላይ ቡኮ ሆኖ ተገኘ። አሸተትኩት፤ ግድብ ግድብ ይሸታል። መጋዘኑ በር ላይ የሚተኛው ውሻችን መኝታውን ወደ ማዕድ ቤቱ ወሰደ። አባቴ ይህን ሁሉ እያየ ሥራውን አፈጠነ።

ጥቅምት ሲገባ በርሜሉ ላይ የቆመው ሞተር ድምፁ የስፌት መኪና መሰለ። አባቴ ኩራቱ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። አዴ ብርቄ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ የሰው ነው" አሉ፤ የገመቹ አይደለም ማለታቸው ነው። አባቴ ቤንዚኑን ጨመረ፣ ቀነሰ። አይደለም። በመጨረሻ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። "እንግዲህ ለእድሩ ንገራቸው፤ ይትከሉት" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ምንም አልነበረም። እስካሁን ከጆሮዬ ያልወጣው በኋላ የሰማሁት ለቅሷቸው ሳይሆን ያ ባዶ ድምፅ ነው።

እኔና እህቴ በሩ አጠገብ ሱዚ እየዘለልን ነበር። አዴ ብርቄ በአጠገባችን ሲያልፉ ቀጥ ብለው ቆሙ። የምንዘልበትን ላስቲክ አዩት። ጎንበስ ብለው ያዙት፤ የብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ የከመነዳሪ ቅዳጅ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ቀይ ልጥፍ አለው።

"ይሄን ከየት አመጣችሁት?"

አባቴ ከሞተሩ ክዳን ላይ ፈትቶ የጣለው ነበር። ገመቹ የክዳኑ መያዣ ሲሰበርበት በዚያ ነበር አጥብቆ ያሰረው። አባቴ ያልሠለጠነ ሥራ ብሎ ናቀውና በብሎን ጠፍሮ አሰረው፤ ላስቲኩን እኛ አነሳነው። ለካስ የሞተ ሰው ላስቲክ ነበር ስንዘል የከረምነው። አባቴ ግንባሩን መታ። ብሎኖቹን ፈትቶ ክዳኑን በከመነዳሪው አስሮ ገመዱን ሲስበው ክዳኑ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። እናቴ ከማዕድ ቤት ወጣች፤ ልማድ ሆኖባት "ገመቹ ገ..." ብላ አፏን ያዘች። አዴ ብርቄ የበሩን ቋሚ ተደግፈው "ኢሱማ" አሉ። "እሱ ነው። እሱ ራሱ ነው።"

ቀጥሎ የነበረው ጥያቄ ድምፁ የት ላይ እንደጠፋ ነው። በማግስቱ አባቴ ሞተሩን ጀልባዋ ላይ አስሮ ገመቹ ይመለስበት በነበረው ሰዓት ከማዶ ሊነሳ ከአዴ ብርቄ ጋር ተስማሙ። እኔ ትሪ ይዤ ከአዴ ብርቄ ጋር በራቸው ላይ ተቀመጥኩ። ድምፁ ያን ማታ የጠፋበት ቦታ ሲደርስ እሳቸው ክንዴን ይይዛሉ፣ እኔ ትሪውን እመታለሁ፣ አባቴ እዚያው ይቆማል፤ እኛም ድምፁ በመጣበት በኩል እንጠቁማለን። ነገሩ ይኸው ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቀጭን ጉም ውሃው ላይ ተነጠፈ። ከሩቅ ሞተሩ ተነሳ። እየቀረበ መጣ። እኔ በስስ ጉሙ ውስጥ ጀልባዋን አየኋት፤ አባቴ ቆሟል። መሃል ውሃ ላይ ነው፣ ጀልባዋም አትንቀሳቀስም። ገመዱን ይስባል፤ እንደገና ይስባል። ሞተሩ ጠፍቶበታል።

ድምፁ ግን እየመጣ ነበር። ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ፤ አባቴን ወደ ኋላ ትቶት፣ ወደ ግራ ታጥፎ ወደኛ። "አዴ፣ አባቴ እኮ እዚያ..." ማለት ስጀምር "ጨሊሲ! ዝም በይ፣ ይምጣ" አሉኝ። መጣ። ከቤታቸው ሥር፣ ሾላው ወደ ውሃው ከዘመመበት ቦታ ላይ ደረሰና ቀጥ አለ። እጃቸው ክንዴ ላይ አረፈ። ትሪውን እስኪጎብጥ መታሁት።

"ሰማሽ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?"

"ሰማሁ።"

"ጎሽ። እንግዲያ አላበድኩም" አሉና ወደ ሾላው ጠቆሙ።

አባቴ በስንት መከራ ሞተሩን አስነስቶ ዳር ሲደርስ ላብ አጥምቆት ነበር። መሃል ላይ ጠፍቶብኝ ነው የዘገየሁት፣ ምን ሰምታችሁ ነው ትሪ የምትመቱት አለን። አዴ ብርቄ ሾላውን ብቻ አሳዩት።

ዋናተኞቹ ተመልሰው መጡ፤ ገመቹ ሾላው ሥር ተገኘ። ውሃው ሳይወጣበት በፊት ማሳ የነበረ ቦታ ነው፤ የድሮ አጥር ሽቦ ከታች ቀርቶ እግሩን ይዞታል። ጀልባዋን ንፋስ ወደ ማዶ እንደወሰዳት ሁሉም ገባው። እኛን ልጆችን ወደዚያ አላስጠጉንም። ድንኳኑ ተተከለ፤ አዴ ብርቄም አለቀሱ። ያን የሚያህል ለቅሶ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም፤ ዳገቱን ወጥቶ፣ የገመቹ ሞተር ይደርስ የነበረበት ሁሉ ደረሰ። ሞተሩን ለአባቴ ሰጡት። አባቴ ከነከመነዳሪው እዚያው ምሰሶ ላይ ሰቀለው፤ ዳግመኛ አላስነሳውም። ሥሩም ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ደረቅ ሆነ።

አድጌ ለአባቴ ያየሁትን ነገርኩት። የገደል ማሚቶ ነው አለኝ። ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ወሬያችን ሌላ ከሆነ በኋላ፣ "ያን ከመነዳሪ ግን ለማንም እንዳትሰጪ" አለ።

አሁን ያ ዳገት ከላይ እስከ ታች ቤት ነው። ማን እንደመጣ በድምፁ የሚለይ ሰው የለም፤ እዚህ ኮዬ ፈጬም ልጄ ከመሃል ከተማ በአውቶቡስ ሲመለስ "ደርሻለሁ" ብሎ በስልክ ይጽፍልኛል። ባለሱቁ ጀነሬተሩን ሲያጠፋ ትንፋሼን ይዤ አዳምጣለሁ። ሞተሩ ሲጠፋ ድምፁም አብሮ ከቆመ፣ ዛሬ ያልተለቀሰለት ሰው የለም ብዬ መስኮቴን እዘጋለሁ። ሰሞኑን ግን፣ ስንት እናት ልጇ የት እንደወደቀ ሳታውቅ ድንኳን መልሳ ራት ከድና በተቀመጠችበት በዚህ ጊዜ፣ መብራት ከመጣ በኋላም መስኮቱን ሳልዘጋ አመሻለሁ።