ከታሪኩ የቀረው ምድጃ

ባለፈው ሚያዝያ፣ በምሥረታ በዓሉ ላይ፣ የከተማችን የካቶሊክ ወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ በድምፅ ማጉያ ተነበበ። ካህናቱ ወደ ጨፋ ሸለቆ እንዴት እንደመጡ፣ መሬቱን ማን እንደሰጠ፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የት እንደደረሱ፣ ሁሉም ተነገረ። «ልጆቻችን ሃይማኖት ሳይለያቸው ከአንድ ማዕድ በልተው አደጉ» ሲባል አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ያን ማዕድ ያቆየው አባቴ ጀይሉ ከሞተ ገና ሁለት ወሩ ነበር፤ ስሙን ያነሳ የለም።

የትምህርት ቤቱ አዳሪ ቤት የተከፈተ ሰሞን ለልጆቹ በሬ ታረደ። ከባቲና ከጨፋ ሮቢት የመጡት የሙስሊም ልጆች ወጡን ሳይነኩ ደረቅ እንጀራ በልተው ተነሡ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ አንድ አረጋዊ ካህን ነበሩ፤ አልተቆጡም። የከሚሴን ሽማግሌዎች አስጠርተው ጠየቁ። መልሱ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አልነበረም። በሠርግም በሐዘንም እንደምናደርገው ሁለት ቢላ፣ ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ድስት። መቀመጫው ግን አንድ። በሙስሊሙ በኩል እንዲያርድና እንዲያበስል አባቴ፣ በክርስቲያኑ በኩል ይግዛው ተቀጠሩ። በአንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ሲያበስሉ አረጁ።

«ያ ይግዛው፣ ድስትህ ምን ነካው? ልጆቹን ልትፈጃቸው ነው?» ይለዋል አባቴ።

«አንተ ምን አገባህ? አትቀምሰው!»

«እሱስ አልሐምዱሊላህ!»

አምና መስከረም አዲስ ርዕሰ መምህር መጣ። የአገሩ ሰው አይደለም። ሁለቱን ምድጃዎች ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «በዚህ ዘመን እንዲህ መለያየት ያሳፍራል» አለና የአባቴን አስፈረሰው። ሥጋ በይግዛው ቢላ ብቻ እንዲሠራ ታዘዘ።

አባቴ ቢሮው ገባ። «ጌታዬ፣ የኛዎቹ ልጆች አይበሉም» አለው።

«ሲርባቸው ይበላሉ።»

ይህን አባቴ ለእናቴ ለፋጡሜ ሲነግራት ሰማሁ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። እንዲህ ያለ ነገር ስለ ልጅ ይባላል?

አልበሉም። ሥጋ በተሠራ ቀን ሽሮ ይዘው ጥግ ላይ ለብቻቸው ይቀመጡ ጀመር። ይግዛው ሽማግሌ ይዞ ሁለት ጊዜ ለመነ፤ የሰማው የለም። አባቴን ሽንኩርት ላጥ ብለው መደቡት። ላጠ። ጥር ላይ ታመመ። ይግዛው ሊጠይቀው ሲመጣ አባቴ መጀመሪያ ያለው «ልጆቹ ዛሬ በሉ?» ነበር።

«በሉ» አለው ይግዛው። ምን እንደበሉ አልነገረውም። የካቲት ላይ አባቴን ቀበርነው።

ከበዓሉ በኋላ «ጀይሉ ተረሳ» ብሎ ከተማው ማጉረምረም ሲጀምር ርዕሰ መምህሩ ቤታችን መጣ። የመመገቢያ አዳራሹን በአባቴ ስም ሊሰይመው እንደሆነ ነገረን።

«ስሙን ሰቅለህ ምድጃውን ልትቀብር?» አለችው እናቴ።

«እትዬ ፋጡሜ፣ እኛ እኮ ለአንድነት ብለን ነው።»

«አንድ ላይ ተቀምጠው ይበሉ ነበር፣ ልጄ። ከመቀመጫቸው ያስነሣሃቸው አንተ ነህ።»

መሬት መሬት እያየ «ስማቸው ያለበት ሰሌዳ እኮ ተጽፎ አልቋል» አለ።

«እንግዲያው ቢሮህ ይቀመጥ። ሁለተኛው ምድጃ የነደደ ቀን እኔው መጥቼ አሰቅለዋለሁ። ከዚያ በፊት የጀይሉን ስም እዚያ ግድግዳ ላይ እንዳላይ።»

«ጉዳዩን ለትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አቀርባለሁ» ብሎ ወጣ።

አሁን ጥቅምት ነው። ሰሌዳው አልተሰቀለም፤ ምድጃውም አልተሠራም። ትናንት በአዳሪ ቤቱ ሥጋ ነበር። የባቲ ልጆች ጥግ ላይ ሽሯቸውን በልተው ወደ ክፍል ገቡ።