ይኸው፣ ቀና አልኩልሽ

ነገ የአያቴ አርባ ነው። ሰው ስለ ደግነታቸው ያወራል፤ እኔ የማስበው ጎንበስ ማለታቸውን ነው። ቴፒ፣ ጓሮአችን ባለው የቡና ማድረቂያ አልጋ ጠርዝ ላይ በክንዳቸው ተደግፈው ቡና ሲያገላብጡ ይውሉ ነበር። እኔ ሚዛን የጤና ተማሪ ነኝ፤ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር፣ «አባባ፣ ሊጎብጡ እኮ ነው፣ ቀና ይበሉ እንጂ!» እላቸዋለሁ። እሳቸውም እግራቸውን እየነዘራቸው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «ይኸው፣ ቀና አልኩልሽ» ይላሉ። እኔን ደስ እንዲለኝ።

ካረፉ በኋላ ስለ አከርካሪ ተማርን። አንገትና ወገብ ላይ ወደ ውስጥ ገባ፣ ደረት ላይ ወደ ውጭ ወጣ ይላል። በአጥንቶቹ መካከል ነርቮች የሚወጡባቸው ቀዳዳዎች አሉ። መምህሩ የፕላስቲኩን አጽም ወደ ፊት ሲያጎነብሰው የወገቡ ቀዳዳዎች ሰፉ፤ ቀና ሲያደርገው ጠበቡ። «በእርጅና የጠበቡበት ሰው ቀና ሲል ነርቩ ይጨመቅና እግሩን ይነዝረዋል፤ ለሱ ጎንበስ ማለት እፎይታ ነው» አለን። መቀመጥ አቃተኝ፤ ከክፍል ወጣሁ።

አሁን ቡናውን የምታገላብጠው እናቴ ናት። አያቴ ይደገፉበት የነበረው ጠርዝ ከመለስለሱ የተነሣ ያብረቀርቃል፤ እዚያ ጋ ማንም አይቆምም። ተገንዘው ከቤት ሲወጡ ወገባቸው ቀጥ ብሎ ነበር። እስከ መጨረሻው ቀና አሉልኝ።