ኃላፊው ሲወጣ የሚጠፋው ሃርድ ዲስክ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የከፈትኩት የመጀመሪያው ኮምፒውተር ውስጥ የአይጥ ጎጆ አገኘሁ። ከደሴ የሙያ ማሠልጠኛ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው የጋሽ ይመር የጥገና ሱቅ የገባሁት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ጋሽ ይመር ሰላምታዬን እንኳ ሳያስጨርሱኝ ከአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የመጣ፣ አልበራም ያለ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ክዳኑን ሳነሳ በገብስ እብቅና በተቦጫጨቀ ወረቀት መሃል ጸጉር ያላወጡ አራት የአይጥ ግልገሎች ተኝተዋል።

«ዲፕሎማህ ላይ ይሄ አለ?» አሉኝ።

«የለም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ዛሬ ተማር» ብለው ብሩሹን ሰጡኝ።

ጋሽ ይመር ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ትምህርት ቤት ገብተው ስለ ኮምፒውተር አልተማሩም፤ ግን ቴስተር ይዘው የኤሌክትሪክ መስመር ሲከታተሉ የሚያመልጣቸው ነገር የለም። ቁጡ ናቸው። እኔም ቁጡ ነኝ፤ እንዴት አብረን ስምንት ዓመት እንደሠራን አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ዛሬ በየወረዳው ጥገና ለምትሠሩ ወጣቶች ነው። ብዙ ሰው የሥራ ዘመኑን ሲያስታውስ ፈገግ ይላል። እኔ አሁን የምነግራችሁን ነገር ሳስታውስ ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል። የሚያናድደኝ ሌላ ሰው ነው፤ ከእሱ ይልቅ ግን እኔው ራሴ።

ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ስሙን ከማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሰዓዳ የምትባል ጸሐፊ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በፌስታል ጠቅልላ መጣች። ዲስኩ ላይ ያለው ከዓረብ አገር የተመለሱ ልጆች ለመሥሪያ ቦታ የተመዘገቡበት ዝርዝር ነው። ያን ጊዜ የማይመለስ የለም፤ በየቀኑ ቢሮው ደጃፍ ላይ ተሰልፈው ስማቸው መኖሩን ይጠይቃሉ።

«ወላሂ ይሄ ነገር ሊያሳብደኝ ነው» አለችኝ። «እየጻፍኩ እያለሁ ጥፍት ይላል። ደሞ ራሱ ተመልሶ ይመጣል።»

«ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ድምፅ ያሰማል?»

«ዲንግ ዶንግ ይላል። ከዚያ ዝም።»

ይህ ድምፅ ለእኛ ሙያ ትልቅ ፍንጭ ነው። ኮምፒውተሩ ዲስኩ ተነቅሏል እያለ ነው። ማንም ሳይነቅለው ተነቅሏል ካለ ወይ ዲስኩ ታሟል፣ ወይ ኃይል አንሶታል፣ ወይ መሰኪያው ላልቷል፣ ወይ ኬብሉ ተጎድቷል። ሌላ አምስተኛ ነገር የለም።

ዲስኩን ከእኔ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ትልልቅ የፊልም ፋይሎች ወደ እሱ ገለበጥኩ፣ መልሼ ወደ እኔ ገለበጥኩ። ሙሉ ፍተሻ ሠራሁለት። ግማሽ ቀን አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ሰዓዳ ስትመለስ ዲስኩ ጤነኛ ነው አልኳት። የምትደሰት መስሎኝ ነበር።

«ጤነኛ ነው አትበል በአላህ!» አለች። «እሱ ጤነኛ ከሆነ በሽተኛዋ እኔ ነኛ!»

ያኔ ነገሩን ዘረገፈችው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በግምገማ ላይ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ዲስኩን ሆን ብላ የምትነቅለው እሷ ናት ብሏል። ማስረጃውም «እኔ ቢሮዬ ውስጥ ስሆን ዲስኩ አይጠፋም፤ ስብሰባ ስወጣ ይጠፋል» የሚል ነው። ሰዓዳ የኮንትራት ሠራተኛ ናት። ውሏ የሚታደሰው በየስድስት ወሩ ነው፤ የሚያድሰውም ይኸው ኃላፊ። ከላላ ወረዳ ያሉ እናቷና ሁለት ታናናሾቿ በእሷ እጅ ነው የሚኖሩት።

«እኔ ካልነቀልኩት ማን ይነቅለዋል? ጂን ነው?» አለችኝ።

በሳምንቱ ዲስኩን ይዞ የመጣው ኃላፊው ራሱ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ የማስታወሻ አጀንዳ በብብቱ ይዟል። አልቀመጥም ብሎ ቆሞ አናገረኝ።

«ወንድም፣ ይሄ የቴክኒክ ችግር አይደለም። የአመለካከት ችግር ነው።»

ሃርድ ዲስክ አመለካከት የለውም ልለው ነበር፤ ዋጥኩት። እሱ ቀጠለ። ልጅቱ ዝርዝሩ እንዲጠፋና የምትፈልጋቸውን ሰዎች እንድታስገባ ነው የምትሠራው፤ ይሄ ኪራይ ሰብሳቢነት ነው፤ አንተ ዲስኩ ጤነኛ መሆኑን በጽሑፍ ስጠኝ አለ። በድጋሚ ፈተሽኩት፤ በድጋሚ ጤነኛ ሆነ። ወረቀቱን ልጽፍለት እስክሪብቶ ሳነሳ ጋሽ ይመር ከጀርባዬ «ነገ ይምጡና ይውሰዱ» ብለው ሸኙት።

እሱ ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኬብሉን አየኸው?»

«ደህና ነው፣ ጋሼ። ሁለቴ ፈተሽኩት።»

«የማንን ኬብል ነው የፈተሽከው?»

የፈተሽኩት በራሴ ኬብል ነው። ሰዓዳም ኃላፊውም ይዘው የመጡት ዲስኩን ብቻ ነበር፤ የእነሱ ኬብል የት እንዳለ አንድም ጊዜ አልጠየቅኩም።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ምን አስተማርኩህ?» ብለው ጮኹብኝ። «ሰው ሊባረር ነው፤ አንተ እዚህ ፊልም ትገለብጣለህ! ቢሮው ሄደህ እይ!»

በማግስቱ ዲስኩን፣ ቴስተሬንና አዲስ ኬብል ይዤ ሄድኩ። ሰዓዳ ክፍል ስገባ ዲስክ የሚቀመጥበት ቦታ አጣሁ። ከኮምፒውተሯ የተነሳ ረጅም የዩኤስቢ ኬብል በኮምፔንሳቶው ስስ የእንጨት ግድግዳ ቀዳዳ አልፎ ወደ ኃላፊው ክፍል ይገባል። ተከትዬው ገባሁ። ኬብሉ የሚያልቀው የኃላፊው ካዝና ውስጥ ነው። ዲስኩን ሰው እንዳይወስድበት ካዝና ውስጥ አስቀምጦ፣ ኬብሉን በበሩ ጠርዝ አውጥቶታል። ለዚህ ነው ኬብሉን ከግድግዳው መዞ ለማምጣት ማንም ያላሰበው።

ዲስኩን እዚያው ሰክቼ ከሰዓዳ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስም ታስገባለች፣ ዲስኩ ይሠራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ ኃላፊው ለስብሰባ ተጠራ። የካዝናው ብረት በር ጓ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ፤ ቁልፉም ሲዞር። ወዲያው የሰዓዳ ኮምፒውተር ዲንግ ዶንግ አለ። ዲስኩ ጠፋ።

ሮጬ ኮሪደሩ ላይ ደረስኩበት። «ይቅርታ፣ ካዝናውን አንዴ ይክፈቱልኝ» አልኩት። ከፈተው፤ ዲስኩ ተመለሰ። «ይዝጉት» አልኩት፤ ጠፋ። ሦስት ጊዜ አስከፈትኩት፣ ሦስት ጊዜ አስዘጋሁት። ኬብሉን በበሩ ጠርዝ ስመለከተው ልጡ ተልጦ መዳቡ ወጥቷል፤ በሩ ሲከፈት የተበጠሰው ሽቦ ይነካካል፣ ሲዘጋ ይላቀቃል። እሱ ሲኖር ካዝናው ክፍት ነው፤ ሲወጣ ይቆልፈዋል። በግምገማ ያቀረበው ማስረጃ ልክ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የሰዓዳ ሳይሆን የራሱ ነበር።

ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ «ያ ረቢ! አራት ወር ሙሉ!» ብላ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች።

ኃላፊው ይቅርታ አላለም። «ካዝናውን የቆለፍኩት የመንግሥት ንብረት ለመጠበቅ ነው» አለ። ቀጥሎም የክፍሉን በር ዘግቶ እኔን ብቻ አስቀረኝ።

«ሪፖርቱ ላይ ስለ ካዝና ምናምን አያስፈልግም። አንተ ባለሙያ ነህ፤ ቴክኒክ ቴክኒኩን ጻፍ።»

የጥገና ቅጻችን ላይ «የታየው ብልሽት» እና «የተወሰደው እርምጃ» የሚሉ ሁለት ቦታዎች ነበሩ። እንዲህ ብዬ ሞላሁት፦ «ኬብል ተጎድቶ ተገኝቷል። በአዲስ ተቀይሯል።» ፈረምኩ። ለምን እንደዚያ አደረግኩ ብላችሁ ብትጠይቁኝ የማስውበው ነገር የለኝም፤ ፈራሁት። ሰውየው በከተማው ውስጥ እጁ ረጅም ነበር። ደግሞም ኬብሉ ተቀየረ፣ ዲስኩ ሰዓዳ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ ነገሩ አለቀ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

አላለቀም። ዲስኩ እየተጻፈበት ሲቋረጥ ከርሞ የሁለት ቀበሌ ዝርዝር ፋይል ተበላሽቶ ነበር። የቻልኩትን ያህል አወጣሁ፤ የቀረው አልወጣም። ስማቸው የጠፋባቸው ልጆች ቢሮው ደጅ ላይ መጥተው ጮኹ፤ ጥፋተኛ ተብሎ ለእነሱ የሚሰጥ ሰው አስፈለገ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰዓዳ የካዝናውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች። ኃላፊው የእኔን ሪፖርት አውጥቶ አነበበ፤ «ባለሙያው የጻፈው ይሄ ነው። ካዝና የሚል ቃል የለበትም። ከኬብሉ ጋር ስትውል የነበረችው ማን ናት?» አለ። በቃ። ውሏ አልታደሰም።

በማግስቱ ሱቅ መጣች። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«የጻፍከውን አንብብልኝ» አለች።

ቅጂውን አወጣሁ። «ኬብል ተጎድቶ ተገኝቷል። በአዲስ ተቀይሯል።»

«ማን ጎዳው ይላል?»

«አይልም።»

«እነሱ ሞሉልህ» ብላ ወጣች።

ጋሽ ይመር ሰምተዋል። የዚያን ዕለት አልተቆጡኝም፤ ወረቀትና ካርቦን ብቻ አመጡልኝ። ካዝናውን፣ ቀዳዳውን፣ ሦስቴ አስከፍቼ ሦስቴ ማስዘጋቴን፣ «አትጻፍ» መባሌንም አንድ ሳላስቀር ጻፍኩ። ይዤው ኮሚቴው ዘንድ ሄድኩ። ሰብሳቢው ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ «ማኅተም ያረፈበት ሪፖርት አለን። አሁን የምታመጣው የግል ጽሑፍ ነው» አለኝ። እየተናደድኩ ተከራከርኩ፣ ጠረጴዛ መታሁ፤ ዘበኛ ጠርተው አስወጡኝ። ሁለት ጊዜ ተመለስኩ፤ ሁለት ጊዜም እንደዚያው ሆነ።

ኃላፊው በዓመቱ አድጎ ወደ ዞን ሄደ። ሰዓዳ ከላላ ገባች፤ ብዙም ሳትቆይ ስማቸውን ስትመዘግብ የከረመችላቸው ልጆች በተመለሱበት መንገድ ወደ ዓረብ አገር ሄደች። ይህን የነገረኝ ለገበያ የመጣ ወንድሟ ነው። ሰላምታ ልካ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ አልላከችም አለኝ።

ከዚያ በኋላ ባለፉት ሃያ ገደማ ዓመታት በእጄ ብዙ ሺህ ዕቃ አልፏል። የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ዲስክ ሲመጣላችሁ ከኬብሉ ጋር አስመጡ። ሪፖርት ስትጽፉ ደግሞ ምን እንደተበላሸ ብቻ ጽፋችሁ አትፈርሙ፤ ያበላሸው ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳደረገውም፣ ዓይናችሁ እንዳየው ጻፉ። እኔ አልጻፍኩም፤ ሰዓዳ ሥራዋን አጣች።