ቀይ ክር የታሰረበት ጠርሙስ

ይህን ለባለቤቴም ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ሌሎች የደበቁትን እየጠየቅሁ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፤ የራሴን ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ለማንም አልተነፈስኩም። እናንተ የምታነቡት ስሙኝ። ያደረግሁትን በቅደም ተከተሉ እናገራለሁ፤ ሌላ የመናገሪያ መንገድ አላውቅም።

ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት፣ በደርግ ጊዜ፣ ቢቸና አካባቢ በነበረች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። የደም ማነስን የምንለካው ራሳችን በምንበጠብጠው ፈሳሽ ነበር። ሴትሪማይድ የሚባል ነጭ ዱቄት በተጣራ ውሃ ይሟሟል፤ የደም ጠብታ ሲገባበት ቀዩን የደም ሴል ያፈርሰዋል፤ ከዚያ የቀለሙን ድምቀት መሣሪያ ያነበዋል። ሴትሪማይድ ከሳሙና ጋር አይስማማም። ሁለቱ ከተገናኙ ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ መሣሪያው ደግሞ ድፍርሱንም እንደ ደም ይቆጥረዋል።

የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ዘነቡ ይህን ያውቁ ነበር። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ሳሙና ሊነካው የማይገባውን ጠርሙስ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አስረው ይለዩትና በፍል ውሃ ብቻ ደጋግመው ያጥቡት ነበር።

አንድ ረቡዕ እህታቸው ደብረ ወርቅ ማረፏን ሰሙ። በዚያ ሰሞን በክትባት ዘመቻ ምክንያት ለሠራተኛ ሁሉ ፈቃድ ተከልክሏል። ይሂዱ፣ እኔ እሸፍናለሁ አልኳቸው። በማግስቱ የሠራተኞች መቆጣጠሪያ መዝገብ ሲዞር፣ የእሳቸው አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ የራሴን አውራ ጣት ቀለም ነክሬ አሳረፍኩ። እስከዚያ ድረስ የሠራሁት ደግ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ያን ሐሙስ በሽተኛው በዛ፤ ፈሳሹ አለቀ። ጠርሙሱ ቆሽሿል። ውሃ እስኪፈላ መጠበቅ ሰለቸኝና እኔ ጠርሙሱን በሳሙና አጠብኩት። ቀዩን ክር እያየሁ አጠብኩት። አንድ ጊዜ ብቻ አለቅልቄ አዲሱን በጠበጥኩበት። ደመና መሰለ። ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት፤ ይጠራል ብዬ አስቀመጥኩት። ለምን አልደፋሁትም? ዱቄቱ ሊያልቅ ነበር ብል እውነት ነው። ምክንያቴ ግን እሱ አልነበረም። እንደገና መጀመር ስላልፈለግሁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስንዱ የምትባል የገበሬ ሚስት መጣች። የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ደሟን ለካሁ፤ በቂ ነው ብዬ ጻፍኩ። በሽተኞችን የሚያክመው ድሬሰር የዓይኗን ሽፋን ገልብጦ አየና ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። «ይቺ ሴት እኮ ነጥታለች። እርግጠኛ ነህ?»

«መሣሪያው ነው ያለው» አልኩት።

ደም ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ሊልካት አስቦ የነበረውን ተወው። ስንዱ ወደ ቤቷ ሄደች። በሳምንቱ ስትወልድ ደም ፈሰሳት፤ ሞተች። ሕፃኑ ተረፈ።

ባሏ ከዘመዶቹ ጋር መጥቶ አለቀሰ። ከአውራጃ ካድሬ መጣ፤ አሻጥር ነው ተባለ። ጠርሙሱ ከነዝቃጩ ተገኘ። እኔም ሪፖርት በጽሑፍ አቅርብ ተባልኩ። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያ ዘገባ ያ ነው፤ አጭርና ግልጽ ነበር። ጠርሙሱን በሳሙና ያጠቡት የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው ይላል። መዝገቡም ሐሙስ ዕለት ሥራ ላይ ነበሩ ይላል፤ በእኔ አውራ ጣት።

እትዬ ዘነቡ በስብሰባው መሐል ቆሙ። ያን ቀን አልነበርሁም ማለት ይችሉ ነበር። እንደዚያ ካሉ ግን ማን እንደላካቸው ይጠየቃሉ፤ ይህን እንደተረዱት ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። ካድሬው ሲያፋጥጣቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«እሱ ያውቃል» አሉ።

ሌላ አልጨመሩም። እውነቱን መናገሩን ለእኔ ተዉልኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ታሰሩ፤ ከሥራ ተባረሩ። ሲፈቱ ልጃቸው ዘንድ ሞጣ ገቡ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ የራዲዮ ጋዜጠኛ ሆኜ፣ ለዘገባ ሞጣ ሄድኩና ቤታቸውን አፈላልጌ አገኘሁ። ደጃፍ ላይ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እንዝርቱን ጥለው አገላብጠው ሳሙኝ። ድምፄን በራዲዮ ሲሰሙ የእኛ ልጅ ነው እያሉ እንደሚኮሩ ነገሩኝ። «ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ፣ እንዲህ ለፍላፊ ልጅ ከየት አመጣሽ ትለኛለች» ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ። ያን ጠርሙስ ያጠብሁት እኔው ነኝ አይደል? የእህቴ ለቅሶ ከዚያ በፊት ይሁን በኋላ፣ እስር ቤት ሆኜ ሳስበው ሳስበው ቀኑ ተምታታብኝ። ወረቀቱን ሲያነቡልኝ አንተ የጻፍኸው ነው አሉኝ። አንተ ደግሞ አትዋሽብኝም።»

የጣሉትን እንዝርት ከመሬት አንስቼ ሰጠኋቸው። እሳቸው ቀጠሉ። «ለነፍስ አባቴ ነግሬ ንስሐ ገብቻለሁ። ለዚያች ምስኪን እጾማለሁ፤ እሰግዳለሁ። ይበቃ ይሆን?»

እርስዎ አይደሉም ማለት ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ካድሬ የለ፣ ስብሰባ የለ፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ያን ጊዜ ምን ፈራሁ? የሚኮሩብኝን ፊታቸውን ነው የፈራሁት።

«ይበቃል፣ እትዬ» አልኳቸው።

ግንባሬን ሳሙኝ። እግዚአብሔር ይስጥህ አሉኝ።

ዛሬ የሉም። ስንዱ ደሟ በትክክል ቢለካም ላትተርፍ ትችል ነበር ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬአለሁ፤ ልትተርፍም ትችል ነበር። ይቅርታ ልጠይቃቸው የሚገቡኝ ሁለት ሴቶች አፈር ውስጥ ናቸው። የእኔን ኃጢአት እትዬ ዘነቡ ተናዘዙት፤ ጾሙበት፤ ጉልበታቸው እስኪዝል ሰገዱበት። እሳቸው አላጠቡትም። ሐሙስ ዕለት ደብረ ወርቅ እህታቸውን ይቀብሩ ነበር። ጠርሙሱን በሳሙና ያጠብኩት እኔ ነኝ።