የመቀናጆዬ ቴሌቪዥን

ልጄ ጎንደር፣ ማራኪ ከሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይታ ነው የምትኖር። እኔም አሁን ከእሷ ዘንድ ነኝ። አንድ ቀን ከጓደኞቿ ጋር ቴሌቪዥንና ጌም የሰው ጠባይ ይለውጣል አይለውጥም እየተባባሉ ሲከራከሩ ሰማሁ። እሷ አይለውጥም ባይ ናት። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ግን የምለው ነበረኝ፤ ፊደሌ ቢንሻፈፍም ልጻፈው።

አገሬ ድብ ባሕር ገበሬ ሳለሁ አንድ በሬ ነበረኝ። በአንድ በሬ አይታረስም። ጎረቤቴም ያለው አንድ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ጠምደን አንድ ቀን የእሱን መሬት፣ አንድ ቀን የእኔን እናርሳለን። እንዲህ ያለውን ሰው መቀናጆ እንለዋለን። ወንድምህ ቢያኮርፍህ ትዘራለህ፤ መቀናጆህ ቢያኮርፍህ ግን መሬትህ ጦሙን ያድራል። የእኔ በሬ በግራ፣ የእሱ በቀኝ ነበር የሚጠመዱት። ጎን ብንለዋውጥባቸው እንኳ አይሄዱልንም።

መቀናጆዬ ማልዶ ተነሺ ነበር። ወፍ ሳይንጫጫ ከደጄ ቆሞ፣ «ምነው፣ ሙሽራ ሆንህ እንዴ? ውጣ እንጂ!» እያለ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።

ኋላ ከመኪናው መንገድ ዳር ያለው ሻይ ቤት ቴሌቪዥን አስገባ። በአማርኛ የሚናገር የውጭ አገር ተከታታይ ፊልም ያሳያል። እኔም አብሬው ሄጄ አይቻለሁ። ቤቱ ግንብ ነው፤ ሰዉ ሁሉ አዲስ ልብስ ለብሶ ሲነጋ ይጣላል፣ ሲመሽ ይታረቃል። ሸጋ ነው፣ አልዋሽም። አንዲቱ ሴት ባሏ ሲከዳት አንጀቴን በላችኝ። ሻዬን ስጨርስ ግን ከብት ላስገባ ተነሣሁ። እሱ ቀረ።

በነጋታውም ሄደ፤ በሌላውም ቀን ሄደ። ጥቂት ሲቆይ ቀስቃሹ እኔ ሆንሁ። አብረን ስናርስም ከማሳው መሐል ጅራፉን ይዞ ይቆማል።

«እነዚያ ሰዎች ሲያርሱ አይተሃል?» አለኝ አንድ ቀን።

«ኧረ አላየሁም።»

«አንድም ቀን አላረሱም እኮ! ገበታው ግን ሙሉ ነው።»

«ታዲያ ማን አርሶላቸው ነው?»

«እሱን አላሳዩም።»

«እንግዲያስ ፊልሙ አላለቀም። ጠብቅ፣ አራሹ ገና ይመጣል» አልሁት።

በሬዎቹን አቁመን ተሳሳቅን። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

በሰኔ የገብስ መሬታችን ተገምሶ፣ ተደግሞ ለዘር ደረሰ። ተራው የእኔ ነበር። «የእኔ መሬት ውኃ ይተኛበታል፤ ካልቀደመ አይሆንለትም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ መሬቱን አውቀዋለሁ። ለቀቅሁለት። የእሱን ዘርተን ጨረስን። ማግስቱ በዓል ስለሆነ በሬ አይጠመድም፤ ዋልን። ከበዓሉ ማግስት ዘሬን በስልቻ ተሸክሜ፣ በሬዬን እየነዳሁ ደጁ ደረስሁ። በረቱ ባዶ ነው።

ሚስቱ ወጣች። ዓይኗን ከዓይኔ ታሸሻለች።

«አያ፣ አልነገረዎትም እንዴ?»

«ምኑን?»

«በሬውን ትናንት ለነጋዴ ሸጠው። ቴሌቪዥን ሊገዛ ጎንደር ሄዷል። ከመንገዱ ዳር ቤት ይዞ ለሰው ሊያሳይ ነው።»

ስልቻውን ከትከሻዬ ሳላወርድ ቆሜ ቀረሁ።

በዘር ሰሞን በሬ ከወዴት ይገኛል? ሁሉም የየራሱን መቀናጆ ይዟል። አንድ ደግ ሰው በሬውን ቢያውሰኝ የእኔው ከባዕድ ጋር አልሄድ ብሎ ከትልሙ ላይ ተኛ። የገብሱ ጊዜ አለፈ።

መቀናጆዬ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሲመለስ መንገድ ላይ ጠበቅሁት።

«ምነው እንዲህ አደረግኸኝ?»

«ምን አደረግሁህ? በሬው የእኔ አይደለም?»

«የእኔ ዘር መሬት እስኪወድቅ እንኳ አትጠብቅም?»

«ነጋዴው አልጠብቅም አለኛ! አንተ ደግሞ ሁልጊዜ እርሻ፣ እርሻ! ሰው እንዴት እንደሚኖር አላየህም?»

ሽማግሌ ተቀመጠብን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የማከብረው ሰው፣ «ይኸ የቴሌቪዥኑ ሥራ ነው። ልቡን ሰልቦት ነው እንጂ እሱማ እንዲህ አልነበረም። ይቅር በለው» አለኝ። መቀናጆዬም ፈጠን ብሎ፣ «አዎ፣ እሱ ነው ያሳሳተኝ» አለ።

ይኸን ጊዜ ደሜ ፈላ። «ያንኑ ቴሌቪዥን እኔም አይቻለሁ! ከጎኑ ተቀምጬ! የእኔ በሬ ግን ይኸው እበረቱ ነው!»

ግትር አሉኝ። ነኝ።

ግን ተኝቼም ተነሥቼም አስበዋለሁ። ማልዶ ይነሣ የነበረ ሰው ሲሰንፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አልተለወጠም ብል ውሸት ነው። የቴሌቪዥኑ ጥፋት ነው ካልሁ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ዘመን አብሮኝ ያረሰው ሰው አንድ ሣጥን የሚያሸንፈው ነበር ማለት ነው። አይደለም ካልሁም ከመጀመሪያው ሊከዳኝ የሚችል ሰው ነበር፤ የጎደለው ምክንያት ብቻ ነበር። ሁለቱም አይዋጥልኝም። ደግሞስ መሬቱን ቀድሞ ያዘራኝ ቴሌቪዥኑ ነው? ተራዬን ሲለምነኝ ነጋዴውን አነጋግሮ ጨርሶ ነበር። ይኸን ኋላ ከራሱ ከነጋዴው አፍ ሰማሁ።

በመስከረም የእሱ ገብስ አሸተ። የእኔ በሬ የሳበው፣ የእኔ እጅ ያረሰው ገብስ ነው። ከድንበሩ ወዲህ የእኔው መሬት አረም ለብሷል። አንድ ቀን ድንበራችን ላይ ቆሜ ሳይ እሱ ከመንገድ ሆኖ ተጣራ።

«ምነው አትመጣም? እኔ ዘንድ እኮ ሁሉም ሰው ይመጣል። ከአንተ አልቀበልም፤ በነጻ ነው፣ ና!»

ሲጠራኝ ፊቱ የድሮው ነው፤ ተንኮል የለበትም። የባሰብኝም እሱ ነው። በዚያው ሳምንት መሬቴን ሁለት በሬ ላለው ሰው አርሶ እህሉን እኩል ሊያካፍለኝ ሰጥቼ ጎንደር ገባሁ።