ቀሪው በበዓሉ ማግስት

ባለቤቴ ዱቤ ካላገኘ በዓል በዓል አይሸተውም። ዘንድሮ ለፋሲካ፣ ከእንጦጦ በጎች ነድተው ቀበና ከወረዱ አንድ አዛውንት ገበሬ ጋር ተስማማ፤ ግማሹ አሁን፣ ቀሪው በበዓሉ ማግስት። «ገና ጠቦት ነው» ሲሉት፣ በዱቤው ተደስቶ የበጉን ጥርስ እንኳ ሳያይ ይዞ መጣ።

በበዓሉ ማግስት ሽማግሌው ገንዘባቸውን ሊቀበሉ ቤታችን መጡ። የበዓል እንግዳ ሳይቀምስ አይሸኝምና፣ እኛ ትናንት ስንታገለው የዋልነውን የበግ ወጥ አቀረብኩላቸው። አኘኩ፤ አሁንም አኘኩ። ባለቤቴ አፍ አፋቸውን ያያል፤ እኔ ሳቄን ልደብቅ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ እንደምንም ውጠው ውሃ እየጠጡ ነበር።

«ልጄ» አሉት ብርጭቆውን እያስቀመጡ፣ ማንም ምንም ሳይላቸው፤ «ከቀሪው ላይ አምስት መቶውን ተወው።»